የሹክሹክታ ጨረታ

ቧንቧ ሠሪው የመጣው የወጥ ቤቱን ውኃ ሊያይ ነበር። ሥራ ከመጀመሩ በፊት እጁን ሊታጠብ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሲያመራ፣ የቤቱ ጌታ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ አንድ ጉንጩ ተላጭቶ አንዱ አረፋ እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሞ አገኘው። «ይቅደሙ» አለው ሰውየው ገለል ብሎ። ቧንቧ ሠሪው ደንግጦ «ኧረ እርስዎ ይጨርሱ» ቢል፣ «ግድ የለም፣ እኔ እንደሆን ቤቴ ነው» ብሎ በእጁ ጋብዞ አስገባው። ይህን ሁሉ ሚስቱ ሲስተር ሳሎን ቁጭ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ እየቋጠረች ታይ ነበር። መላጨት ጀምሮ የወጣው ለእናቷ ሊለቅ ነው፤ እናቷ ሲወጡ እሷ ገባች፤ እሷ ስትወጣ ደግሞ ቧንቧ ሠሪው ደረሰ። ጨረታው አራት ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ ባሏ በገዛ ቤቱ ወረፋ ይዟል። ማሰሪያውን አጥብቃ ሳበችው።

የሰፈሩ ሰው ባሏን «ይቅደሙ» እያለ ነው የሚጠራው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ባንክና ቀበሌ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። መነጽር ሠሪ ነው፤ ጠባብ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሌንስ ሲሞርድ ይውላል። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ ከኋላው የመጣውን ሁሉ ሲያሳልፍ ዳቦው ያልቅና ባዶ እጁን እየሳቀ ይመለሳል። የሱቁ ነገርማ አይነሳ። መስኮቱ ሰፊ የሆነውን፣ ብርሃን የሚገባበትን ክፍል ቀብድ ከከፈለበት በኋላ፣ ዘግይቶ የመጣ ልብስ ሰፊ «ለዓይኔ ብርሃን ያስፈልገኛል» ስላለው ለቀቀለት። መነጽር ሠሪ ለልብስ ሰፊ ዓይን ብሎ ጨለማ ውስጥ ገባ። ሲስተር በሆስፒታል ውስጥ ሃኪሞቹን ሳይቀር በዓይኗ የምታስቆም ሴት ናት፤ ይህን ወሬ በሰማች ቀን ቆሽቷ እርር ብሎ እራት ሳትበላ ተኛች። እሱ ግን ልብስ ሰፊው ኮቱን በነፃ እንደጠገነለት እየነገራት ነበር እንቅልፍ የወሰደው።

ከጨለማው ሱቅ ፊት ለፊት አንድ ሆቴል ነበረ። የሆቴሉ ባለቤት የከበሩ እንግዶች ሲመጡ ብቻ ከመጠለያዋ የምትወጣ አንዲት መኪና ነበረችው፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከፍ ያለች፣ በአራቱም ጎማ የምትጎትት፣ ወንበሯ የማር መልክ ያለው ቆዳ፣ ከመሪው ፊት ያለው ሁሉ እንጨት። ዕድሜዋ ከብዙ ሾፌሮች ይበልጣል፤ ግን ጭረት እንኳ አይታይባትም። መኪናዋ የወጣች ቀን ይቅደሙ መሞረጃውን አጥፍቶ በሩ ላይ ይቆማል። ቤት ሲገባ «ዛሬ ወጥታ ነበር» ይላል፣ ስለ አንዲት ትልቅ ሴትዮ የሚያወራ ይመስል። ሆቴሉ ከስሮ ተዘጋና ንብረቱ ይሸጣል የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። ያነሳችው ሲስተር ራሷ ናት። ለወጥ ቤቱ ማሠሪያ ያጠራቀሙት ስድስት መቶ ሺህ ብር አለ። «ወጥ ቤቱ ይቆያል፤ ሄደህ ተጫረት» አለችው። መኪና ወድዳ አይደለም። ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ አንድ ነገር በገዛ አፉ «ለእኔ» ሲል ሳትሰማ መሞት ስላልፈለገች ነው። አብሮት የኖረው ያ «ግድ የለም» አንዳንዴ እሷንም የሚጨምር እየመሰላት ነበር።

እናቷ «እኔም እመጣለሁ» አሉ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ሩቅ አይሄዱም፤ ነገር ግን ጨረታ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም ብለው ሻርፓቸውን ለብሰው ተነሡ። ቧንቧ ሠሪው በበኩሉ ከወጥ ቤቱ ብቅ ብሎ፣ «ይሄ ጥገና አይደለም የሚፈልገው፣ ከሥሩ ፈርሶ መሠራት ነው ያለበት» አለ። ሲስተር «እናውቃለን፣ ለአሁኑ እሰረው» አለችው። በምን እንደሚያስረው አልነገረችውም።

የሆቴሉ ግቢ ውስጥ አልጋው፣ ፍራሹ፣ ድስቱ፣ መስተዋቱ በየረድፉ ተደርድሯል። ከሆቴል ክፍል ወጥቶ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ አልጋ ምንኛ አሳፋሪ እንደሆነ ሲስተር ያን ቀን ነው የገባት። ሰዎች ፍራሽ በጡጫ ይደልቃሉ፣ የማቀዝቀዣ በር ከፍተው ያሸታሉ፣ ዋጋ እየጠሩ ይሳሳቃሉ። አንድ ድምፀ ወፍራም ሥጋ ነጋዴ የበሰለም ያልበሰለም ቀልድ እየወረወረ ግቢውን በእግሩ አቁሞታል። መኪናዋ ከአጫራቹ ጠረጴዛ አጠገብ በበረንዳው ጥላ ሥር ቆማለች። የፈለገ ገብቶ ማየት ይችላል፤ ሞተር ማስነሳት ግን አይፈቀድም።

ይቅደሙ መኪናዋን በሩቁ አንድ ጊዜ ዞራት። እጁን ኪሱ ከትቶ ነበር የሚዞረው፣ እንዳይነካት። ከዚያ የሹፌሩን በር ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ የሠርግ መኪና የሚያከራይ ሰው ከተፍ አለ። ይቅደሙ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይቅደሙ» አለው። አከራዩ ገብቶ መሪውን ጨበጠ፣ ጣሪያውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ፣ ወርዶም «ነጭ አስቀብቼ ጣሪያዋን ባስቆርጣት ሙሽሮቹ ቆመው እጃቸውን ያወዛውዙባታል» አለ፣ በደስታ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ሥራው ነው። ይቅደሙ ግን ጣሪያዋን አየ፣ አከራዩን አየ። ሲስተር ጆሮው ሲቀላ አየች። «ሰማኸው?» አለችው። «ሰምቻለሁ» አላት። 

እናቷ መቆም አቅቷቸው ነበር። የሚቀመጡበት ወንበር ሲፈለግ፣ ወንበሮቹ ሁሉ ቁጥር ተለጥፎባቸው ለሽያጭ ቆመዋል፤ ዘበኛው «እነዚህ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው» አለ። ስለ መኪናዋ ግን ምንም አልተባለም። ይቅደሙ የኋላውን በር ከፍቶ፣ በክንዳቸው ደግፎ አስገባቸው። «ኧረ እንዴት ያለ ሶፋ ነው!» አሉ እናቷ፣ ተደላድለው። ቆዳው ለስላሳ፣ ጥላው ቀዝቃዛ። ሻርፓቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረጉና በመስኮቱ ግቢውን ማየት ጀመሩ።

አልጋዎቹ ሄዱ። ድስቶቹ ሄዱ። ሥጋ ነጋዴው ሦስት ማቀዝቀዣ ጠቅልሎ ወስዶ ግቢው ሁሉ አጨበጨበለት። አጫራቹ በድምፅ ማጉያው እየጮኸ፣ በየመሃሉ ውኃ እየተጎነጨ፣ እየቀለደ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ «አሁን ደግሞ ሁላችሁም የምትጠብቋት!» አለና ወደ መኪናዋ ዞረ። እጁን እንደዘረጋ ቀረ። የኋላው ወንበር ላይ አንዲት እናት አፋቸውን በትንሹ ከፍተው፣ ሻርፓቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ድብን ያለ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

«ዘበኛ፣ ቀስቅሳቸው» አለ አጫራቹ። ዘበኛው ሄደ፣ በመስኮቱ አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ተመለሰ። «ጌታዬ፣ እንዴት ብዬ? የሰው እናት ናቸው እኮ።» አጫራቹ ራሱ ተነሣ። በሩን ከፈተ። ለትንሽ ጊዜ ቆሞ አያቸው። ከዚያ በሩን እንደ ብርጭቆ ቀስ አድርጎ ገጠመው። ሥጋ ነጋዴው «ከነሙሉ ዕቃው ነው እንዴ የሚሸጠው?» ብሎ ሲያንባርቅ፣ ግቢው በሙሉ «እሽሽሽ!» አለው። ሲስተር በኀፍረት መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች፤ ሄዳ ልትቀሰቅሳቸው ስትነሣ ግን አንዲት ድስት የገዛች ሴትዮ ክንዷን ይዛ «ተይ እናቴ፣ ምን በደሉሽ፣ ይተኙ» አለቻት። አጫራቹም ድምፅ ማጉያውን አጠፋ፤ ወደ ሕዝቡ ጎንበስ አለና በሹክሹክታ «በአራት መቶ ሺህ እንጀምራለን» አለ።

እንዲህ ያለ ጨረታ ዓይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያ ሲጮህ የዋለ ግቢ በአንድ ጊዜ የሆስፒታል መተላለፊያ ሆነ። ሰው ሁሉ ጠጋ ጠጋ ብሎ አጫራቹን ከበበው፤ በጣት ጫፍ ቁጥር ይነሣል፣ በከንፈር ዋጋ ይባላል። ሥጋ ነጋዴው ከልቡ ሊጫረት ፈልጎ ነበር፤ ችግሩ ሹክሹክታ አልፈጠረበትም። «አራት መቶ ሃምሳ!» ሲል ሹክሹክታው ከሌላው ሰው ጩኸት ይበልጣል፤ ሁሉም ዞሮ ይገላምጠዋል። ሁለት ጊዜ ሞክሮ፣ ላብ አጥምቆት፣ «ይሄማ የሥጋ ቤት ሰው ጨረታ አይደለም» ብሎ ሄዶ ከማቀዝቀዣዎቹ አንዱ ላይ ተቀመጠ። ነጋዴዎቹ አንዱ የሌላውን ድምፅ ሰምቶ መድፈር የለመዱ ነበሩ፤ ድምፅ ሲጠፋ ድፍረቱም አብሮ ጠፋ። አንድ በአንድ እየቀሩ፣ አምስት መቶ ሃምሳ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ቀረ፤ አከራዩና ይቅደሙ።

ሹክሹክታ ለይቅደሙ የዕለት ቋንቋው ነው። አከራዩ አምስት መቶ ሰባ ሲል፣ እሱ አምስት መቶ ሰማንያ። አከራዩ ስድስት መቶ አለ። ለወጥ ቤቱ ያጠራቀሙት በሙሉ ያ ነው፤ ቀድሞ የጠራው አከራዩ ሆነ። «ይኸው» አለች ሲስተር በሆዷ፣ «አሁን ገለል ብሎ በእጁ ጋብዞ ያሳልፈዋል።» አጫራቹ «አንድ ጊዜ» አለ፣ በትንፋሹ። ይቅደሙ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ። ቀና ሲል ወደ እሷ አልዞረም፤ በትዳራቸው ውስጥ እሷን ሳያይ ገንዘብ የጠራበት የመጀመሪያው ቀን ነው። «ስድስት መቶ ሃያ» አለ።

የወጥ ቤቱ ገንዘብ አለቀ። አከራዩ ስድስት መቶ አርባ ሲል፣ እሱ ስድስት መቶ ስልሳ፤ ከሲስተር የጡረታ ተቀማጭ ላይ መቆንጠር መጀመሩን ያወቀውም አይመስልም። አንጀቷ ያርር ጀመር፤ ያው አንጀቷ ደግሞ ቅቤ ይጠጣል፤ ሁለቱ እንዴት በአንድ ጊዜ እንደሚሆኑ አታውቅም። አከራዩ ጥቁር መነጽሩን አውልቆ ላቡን ጠረገና «ሰባት መቶ» አለ። በዚህ መሃል እናቷ ተገላበጡ፤ አጫራቹ ነቁ ብሎ ወደ መኪናዋ ዞረ። ይቅደሙ በዚያው ለስላሳ ድምፁ «ሰባት መቶ አሥር» አለ፤ አጫራቹ አልሰማም። ፊቱን ወደ አከራዩ መልሶ «አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ» አለና መዶሻውን ትቶ፣ እንዳይጮህ ብሎ፣ በእርሳሱ ጠረጴዛውን ሊነካ እጁን አነሣ።

«አለሁ እኮ! ሰባት መቶ አሥር! እዚሁ ቆሜያለሁ፣ ሰባት መቶ አሥር ሺህ!»

በረንዳው ላይ ያሉት ርግቦች በአንድ ጊዜ ተነሡ። ሥጋ ነጋዴው ከማቀዝቀዣው ላይ ወረደ። አጫራቹ እርሳሱን ጣለው። ግቢው በሙሉ ማን እንደጮኸ ሲፈልግ፣ ሁሉም ሰው ከጎኑ ያለውን አየ፤ ይቅደሙን ግን ማንም አልጠረጠረውም፣ እጁ በአየር ላይ ተዘርግቶ፣ አንገቱ ላይ ጅማት ተገትሮ ቆሞ እያለ። ሲስተር አፏን በመዳፏ ያዘች። ይህንን ድምፅ ሰምታው አታውቅም። ልጃቸው በተወለደችበት ሌሊትም፣ የድሮው ሱቁ በተቃጠለበት ቀንም አልሰማችውም።

የመኪናዋ መስኮት ቀስ ብሎ ወረደ። «ምን ሆነ?» አሉ እናቷ፣ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ። «ማነው የጮኸው?»

«አማችዎ ነው፣ እናቴ» አለ ዘበኛው።

አከራዩ ይቅደሙን ከላይ እስከ ታች አየው፤ አዛውንቷን አየ፤ መልሶ መነጽሩን አደረገ። «እኔ ሰባት መቶ ሃያም ነበረኝ» አለ፣ ፈገግ ብሎ። «ግን ሰው እንዲህ ከሆዱ የጮኸለትን ነገር ወስጄ ጣሪያ ብቆርጥ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይሁንልህ፣ ወንድሜ።» አጫራቹ ሦስት ጊዜ ጠራ፤ አሁን መደበቅ ስላላስፈለገ መዶሻውን አንሥቶ እስኪበቃው መታ። ጭብጨባው ሲጀመር እናቷም ከውስጥ አጨበጨቡ፤ ለምን እንደሆነ ግን ገና አልገባቸውም ነበር።

ማዕዘኑ ላይ ካለው ባንክ ገንዘቡ ሲወጣ፣ ሲስተር ከጡረታዋ የሚጎድለውን ፈርማ ሰጠች። አልተቆጣችም። ደስታዋ ግን ደረጃውን ስትወርድ እንደ ጥርስ ሕመም ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ለብረት እንዲህ ጮኸ። ለአንዲት መኪና። እሷ ወጣት ነርስ ሳለች እንድታገባው የሚጠበቀው አንድ የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ ጥሩ የለበሰ፣ እንግሊዝኛ የሚቀላቅል። እሑድ ከአጎቱ ጋር መጥቶ ሊጠይቅ ቀጠሮ ነበረው። ከቅዳሜው ጀምራ ሆስፒታል ተረኛ ሆና አድራ ዋለች፤ እሑድ ማታ ስትመለስ ስለ ባንክ ሠራተኛው የሚያወራ የለም፤ አባቷ «መነጽር ሠሪው ጠይቆሻል፣ ምን ትያለሽ?» አሏት። ጨዋነቱን ትወድለት ነበርና እሺ አለች። የባንኩ ልጅ ግን ሐሳቡን ቀይሮ ቀረ፣ ይሄ ደግሞ ወረፋው ጫፍ ላይ ቆሞ የተረፈውን አገኘ ብላ ደመደመች። ኩራቷ አልፈቅድ ብሏት ማንንም አልጠየቀችም፤ ባሏንም፣ እናቷንም። ይህን ሁሉ ዘመን አብራው ስትኖር የዳቦ ወረፋው ያናድዳት የነበረው ለዳቦ ብላ ብቻ አልነበረም።

መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሣች፣ ብዙም ድምፅ ሳታሰማ። ይቅደሙ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ከሆቴሉ በር ወጣ። በሱቁ ፊት ሲያልፍ ልብስ ሰፊው መቀሱን ይዞ በር ላይ ወጥቶ እስኪርቁ አየ። ከፍታው ለሲስተር ደንበኛ ተስማምቷታል፤ የሰው ሁሉ አናት ከታች ይታያል። ቢሆንም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እሱ ሁለት ጊዜ ወደ እሷ ዞሮ ፈገግ ብሎ፣ ሁለት ጊዜም መልስ አጥቶ፣ ፈገግታውን አጠፋው።

«ገንዘቡ ነው?» አላት በመጨረሻ።

«ገንዘቡ አይደለም።» በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ነበር። «እንደዚህ መጮህ የምትችል ሰው መሆንህን አላውቅም ነበር። አንድም ቀን ለሌላ ነገር ጮኸህ አታውቅም።»

ይቅደሙ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ጆሮው ቀላ። ከኋላ ግን እናቷ፣ ሶፋው ተመችቷቸው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ «ኧረ ይሄን ድምፅስ አውቀዋለሁ» አሉ። «ከእንቅልፌ ስነቃ ያ ቅዳሜ የመጣ ነው የመሰለኝ።»

«የቱ ቅዳሜ?»

«የቱ ቅዳሜ ትለኛለች! እሱ የመጣበት ነዋ። አንቺ ሆስፒታል ነበርሽ። የባንኩ ልጅ በማግስቱ ሊመጣ፣ ይሄ ባልሽ ብቻውን መጥቶ፣ በሩ ቢንኳኳ አልሰማ ብለን፣ ደጅ ቆሞ የአባትሽን ስም በጩኸት ጠራ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አባትሽ እሳት ተነሣ ብሎ ባዶ እግሩን ሮጠ። ‹ነገ የሚመጣ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ እኔ ግን ዛሬ መጥቻለሁ› ነው ያለው፣ አፉን ሞልቶ።»

ሲስተር ወደ ኋላ ዞረች። «የባንኩ ልጅስ? ቀርቷል አይደል?»

«ማን ቀረ አለሽ? እሑድ ከነአጎቱ ሱፉን ለብሶ መጣ፤ አባትሽ ‹ተቀድማችኋል› ብሎ መለሳቸው። ሲያሳዝን፣ ኬክ ሁሉ ይዞ ነበር።»

«እና ለምንድነው ያልነገራችሁኝ?»

«አልጠየቅሽም፣ ልጄ። የምታውቂ ነው የመሰለኝ፣ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶት!»

መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናዋ ቆመች። ሲስተር ባሏን ከጎን አየችው። አንድ ጉንጩ ላይ ያልላጨው ጢም ቀርቶ ነበር፤ ከቧንቧ ሠሪው በኋላ ተመልሶ ሳይጨርስ ነው የመጣው። «አንተስ?» አለችው፤ ድምፅዋ እንደፈለገችው አልወጣላትም። «አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

«አፍሬ» አለ ይቅደሙ። መሪውን በአውራ ጣቱ ያሻል። «ተራው የእሱ ነበር እኮ። ሰው እየመጣ እያወቅሁ ቀድሜ ገባሁ። በመንገድ ባየሁት ቁጥር መሬት መሬት ነበር የማየው። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲመጣ ሳላሳልፍ ብቀር እሱ ትዝ ይለኛል።» ወደ እሷ ዞረ። «ግን ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ቆጭቶኝ አያውቅም።»

ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ። ይቅደሙ ነዳ። ወደ ቤታቸው የሚያስገባው መታጠፊያ ሲደርስ የመታጠፊያ መብራቱን አበራ፤ ቤት ቧንቧ ሠሪው ይጠብቃል፤ ወጥ ቤቱም እንዳለ አለ። ሲስተር እጇን ዘርግታ መሪው ላይ፣ በእጁ ላይ አኖረችው።

«አትታጠፍ» አለችው። «ቀጥ ብለህ ንዳ።»

«ወዴት?»

«እንጃ። ንዳ ብቻ።»